የጉባኤ ዋጋ፦ ድርጅቶች የስብሰባዎቻቸውን የካርቦን ልቀት በእርግጥ መቀነስ ይችላሉን?

(ይህ ጽሑፍ ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋካልቲው የንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ ሲሆን ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)



አዲስ አበባ በ2027 የሚካሄደውን 32ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ እንድታስተናግድ ተመርጣለች። በዚያን ጊዜ ከባቢ አየርን ስለሚያሞቀው ጋዝ ለመነጋገር የሚመጡ እጅግ ብዙ ሰዎች ያንኑ ጋዝ በሚለቁ አውሮፕላኖች ተሳፍረው ቦሌ ይወርዳሉ። ይህን ተቃርኖ ለማላገጫ የሚያነሡት ጥቂቶች አይደሉም። እኔ ግን ዛሬ በቁም ነገር ልጠይቀው እወዳለሁ። ድርጅቶች ከስብሰባዎቻቸው የሚመነጨውን የካርቦን ልቀት ትርጉም ባለው መጠን መቀነስ ይችላሉን? ወይስ ነገሩ የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስን በብርጭቆ ከመተካትና የታተመ መርሐ ግብርን ከማስቀረት አያልፍም?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ይቻላል። ነገር ግን የአንድ ጉባኤ ልቀት ከሞላ ጎደል የሚወሰነው በአዳራሹ ውስጥ በሚደረገው አይደለም፤ የጥሪው ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ነው። መሰብሰብ ያስፈልጋልን? የት እንሰብሰብ? ማን በአካል ይምጣ? የሚወስኑት እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። መልሳቸው ደግሞ ከምሕንድስና ይልቅ የሥልጣን፣ የልማድና የታሪክ ጉዳይ ነው። ለዚህም ነው ርዕሱ የታሪክ ክፍልን ይመለከታል ብዬ የማምነው።

፩. ስብሰባን ያስቀራሉ የተባሉ መሣሪያዎች

ከሩቅ ሆኖ መነጋገር የሚያስችል መሣሪያ በተፈለሰፈ ቁጥር፣ ከእንግዲህ ሰው ለምክክር መጓዝ አያስፈልገውም የሚል ተስፋ ይነሣል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው የሚነግረን። በ1865 ሃያ የአውሮፓ መንግሥታት ዓለም አቀፉን የቴሌግራፍ ስምምነት ለመፈረም ፓሪስ ላይ ተሰበሰቡ። ርቀትን ያጠፋል የተባለው ሽቦ ድንበር ተሻግሮ እንዲሠራ፣ ስለ ዋጋውና ስለ አሠራሩ በአካል ተገናኝቶ መስማማት አስፈላጊ ሆነ። ከዚያ በኋላ ዓለም አቀፍ ጉባኤዎች እየበዙ እንጂ እያነሱ አልሄዱም። ቴሌግራፉ ስብሰባን አልተካም፤ ስብሰባን መጥራት ቀላል አደረገ።

በአገራችንም ከዚህ የራቀ ነገር አናይም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ የስልክ መስመር አዲስ አበባን ከሐረር ጋር አገናኘ። መልእክተኛ ቀናት ይፈጅበት የነበረው ወሬ በአንድ ጀምበር ይደርስ ጀመር። ይሁን እንጂ መኳንንቱ ወደ መናገሻው ከተማ መጠራታቸው አልቀረም። ሽቦው የንጉሠ ነገሥቱን ጥሪ አፋጠነው እንጂ የፊት ለፊት ደጅ መጥናቱን አላስቀረውም።

በ1964 የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ ኩባንያ በኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት ላይ ምስል የሚያሳይ ስልክ አቀረበ። በ1970 ፒትስበርግ ከተማ ላይ ለገበያ ቢያውለውም የሚገዛው አጣ። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ጉዞን በመገናኛ መሣሪያ መተካት ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው ሐሳብ በጥናት መልክ ቀረበ፤ ነዳጁ ሲረክስ ግን ሐሳቡም አብሮ ቀዘቀዘ። የእንግሊዙ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ በዚያው በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል ሲጽፍ፣ አንድ ነገር በቁጠባ መሥራት ሲጀምር አጠቃቀሙ ሊጨምር እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ስለ ስብሰባም ይኸው ሊባል ይችላል። መነጋገር ሲቀልል የምናውቃቸው ሰዎች ይበዛሉ፤ የምናውቃቸው ሲበዙ የምንሄድባቸው ቦታዎች ይበዛሉ።

ከዚህ የማገኘው የመጀመሪያው ትምህርት፣ መሣሪያ ብቻውን ልቀትን አይቀንስም የሚል ነው። መሣሪያው የሚቀንሰው ከጎኑ ወሰን ሲኖር ነው።

፪. አዲስ አበባና የመሰብሰብ ፖለቲካ

ወሰን ይኑር ስንል ግን ከተማችን ለምን የጉባኤ ከተማ እንደ ሆነች መዘንጋት የለብንም። የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958 አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፉት የአፍሪካ አዳራሽ በ1961 ተመረቀ። በግንቦት 1963 የ32 ነጻ የአፍሪካ አገሮች መሪዎች በዚያው አዳራሽ፣ በሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የመስኮት ሥዕል አጠገብ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ፈረሙ።

እነዚያ መሪዎች ስለ ምን በስልክ አልተነጋገሩም? ቢፈልጉም በቀላሉ አይችሉም ነበርና። በዚያ ዘመን ከአንድ የአፍሪካ ዋና ከተማ ወደ ጎረቤት ዋና ከተማ የሚደረግ ጥሪ ብዙውን ጊዜ በለንደን ወይም በፓሪስ በኩል ያልፍ ነበር። የባቡር ሐዲዱ ከማዕድን ማውጫ ወደ ወደብ፣ የስልክ ሽቦው ከቅኝ ግዛት ወደ ቅኝ ገዢ፣ የአውሮፕላኑም መስመር እንዲሁ ከደቡብ ወደ ሰሜን የተዘረጋ ነበር። አፍሪካውያን ለመነጋገር መገናኘት፣ ለመገናኘትም ለራሳቸው የሚሆን ስፍራ ማግኘት ነበረባቸው። በዚያ ሁኔታ ውስጥ በአካል መሰብሰብ የነጻነት መግለጫ ነበር።

ያ ካርታ ዛሬም ፈጽሞ አልተፋቀም። የአፍሪካ መንግሥታት የአህጉሪቱን ሰማይ ለአየር መንገዶቻቸው ለመክፈት በ1999 በያሙሱክሮ ወሰኑ፤ ነጠላው የአፍሪካ የአየር ትራንስፖርት ገበያ ግን በይፋ የተጀመረው በጥር 2018 ነው፤ አፈጻጸሙም ገና አልተሟላም። አሁንም ከአንድ የአፍሪካ ከተማ ወደ ሌላው ለመሄድ አውሮፓን ወይም የባሕረ ሰላጤውን አገሮች የሚዞር ተጓዥ አለ። ይህ ሰው የሚያስከትለው ልቀት ከፊሉ የራሱ ምርጫ አይደለም፤ የቅኝ አገዛዝ ዘመን የመስመር ዝርጋታ ውርስ ነው። በርካታ የአህጉሪቱን ከተሞች በቀጥታ በረራ የምታገናኘው አዲስ አበባ በዚህ ረገድ ጥቅም አላት። የአፍሪካውያን ስብሰባ በአፍሪካ መካሄዱ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የኪሎ ሜትር ቁጠባም ነው።

፫. ልቀቱ ከወዴት ይመጣል?

አሁን ወደ ቁጥሩ እንለፍ። በ2021 ግላስጎው ላይ ለተካሄደው 26ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ አስቀድሞ በተሠራው ግምት መሠረት፣ ልቀቱ ወደ 102,500 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ነበር፤ ከዚህም 60 በመቶ ያህሉ ከዓለም አቀፍ በረራ የሚመነጭ ነው።

የሳይንቲስቶች ስብሰባም የተለየ አይደለም። በታኅሣሥ 2019 የአሜሪካ የጂኦፊዚክስ ማኅበር ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ባደረገው ጉባኤ 28,000 ያህል ተሳታፊዎች ነበሩ። በ2020 በኔቸር መጽሔት የወጣ ትንተና እንዳሰላው፣ እነዚህ ሰዎች ደርሶ መልስ 285 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ተጉዘዋል፤ ወደ 80,000 ቶን የሚጠጋ ልቀትም አስከትለዋል። ለአንድ ተሳታፊ ሲካፈል ወደ 3 ቶን ይደርሳል። በኢትዮጵያ በአንድ ሰው ሂሳብ ከነዳጅና ከመሰል የከርሰ ምድር ኃይል የሚመነጨው ዓመታዊ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ0.2 ቶን በታች ነው። ሁለቱ መለኪያዎች ፍጹም አንድ ባይሆኑም፣ ለአንድ ሳምንት ጉባኤ የወጣው ልቀት የአንድ ኢትዮጵያዊ የ15 ዓመት ድርሻ ይበልጣል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የዚያ ትንተና ትልቁ ጥቅም መውቀሱ አይደለም፤ መፍትሔዎቹን በልክ መዝኖ ማሳየቱ ነው። ጉባኤው ለአብዛኛው ተሳታፊ ይበልጥ ማእከላዊ ወደ ሆነችው ቺካጎ ቢዛወር ልቀቱ በ12 በመቶ ይቀንስ ነበር። ከፍተኛውን ልቀት የሚያስከትሉት፣ ማለትም ከሩቅ የሚመጡት 36 በመቶ ተሳታፊዎች በበይነ መረብ ቢካፈሉ ደግሞ 76 በመቶ ይቀንስ ነበር። እንግዲህ ከተሳታፊዎቹ ሲሶ በጥቂቱ የሚበልጡት ብቻ ከቤታቸው ሆነው ቢሳተፉ፣ ከልቀቱ ሦስት አራተኛው ይወገዳል። ከአውሮፕላኑም ውስጥ ልዩነት አለ። በረጅም በረራ የቢዝነስ ክፍል መቀመጫ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ በአንድ ተሳፋሪ የሚታሰበው ልቀት ከኢኮኖሚው ወደ ሦስት እጥፍ ይደርሳል።

ይህን ከእኛ ከተማ ጋር እናያይዘው። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ የሚካሄድ ጉባኤ መብራቱና ድምፅ ማጉያው፣ መብራት ጠፍቶ የናፍጣ ጄኔሬተር ካልተነሣ በቀር፣ የሚያወጣው ልቀት ጥቂት ነው። የጉባኤው ዕዳ የሚቀረው ሰማይ ላይ ነው። አምፖል ቀይሮ፣ ወረቀት ቆጥቦ፣ በመጨረሻም ለቀረው ልቀት ችግኝ ተክሎ «ጉባኤያችን ከካርቦን ነጻ ነው» ብሎ ማወጅ ዋናውን ነገር መዝለል ነው። ችግኝ መትከል በራሱ መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ የተለቀቀውን ጋዝ ችግኙ አድጎ የሚስበው በብዙ ዓመታት ውስጥ ነው፤ ያውም ከጸደቀ።

፬. ወረርሽኙ ያሳየን

እንዲህ ያለውን ነገር በሙከራ ለማየት ታሪክ ብዙ ዕድል አይሰጥም። ኮቪድ 19 ግን በ2020 የዓለምን ጉባኤዎች በአንድ ጊዜ አስቆመ። ከእነዚያ መካከል ሦስቱን ልጥቀስ፤ ሁለቱ ከአዲስ አበባ ጋር የተያያዙ ናቸው።

የመጀመሪያው አይ ሲ ኤል አር በመባል የሚታወቀው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪዎች ጉባኤ ነው። በሚያዝያ 2020 አዲስ አበባ ላይ ሊካሄድ ተወስኖ ነበር። ለዚህ ምርጫ አንዱ ምክንያት አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ወደ ሰሜን አሜሪካ ለመግባት ቪዛ መከልከላቸው ነበር። ወረርሽኙ ሲመጣ ጉባኤው በጥቂት ሳምንታት ዝግጅት ሙሉ በሙሉ ወደ በይነ መረብ ተዛወረ። ባለፈው ዓመት ኒው ኦርሊንስ ላይ 2,700 ያህል የነበሩት ተሳታፊዎች ከ5,600 በላይ ሆኑ፤ ወደ 90 በሚጠጉ አገሮችም ተበትነው ነበር። ከተማችን እንግዶቿን አጣች፤ ቪዛ የሚጠየቅበት በር ግን ለዚያ ሳምንት ተነሣ።

ሁለተኛው የበይነ መንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ፣ ማለትም አይ ፒ ሲ ሲ፣ ስድስተኛ ሪፖርት ነው። የዚህ ሪፖርት ወሰንና ይዘት የተመከረው በግንቦት 2017 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ፣ በአካል ነው። የመጀመሪያው የሥራ ቡድን ጸሐፊዎች ከዚያ በኋላ በጓንግዡ፣ በቫንኩቨርና በቱሉዝ ተገናኝተዋል። ወረርሽኙ ሲመጣ ቀሪው ሥራ ወደ በይነ መረብ ገባ። በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ መጀመሪያ 2021 የ195 መንግሥታት ተወካዮች ማጠቃለያውን፣ እንደ ደንቡ መስመር በመስመር፣ በስክሪን ፊት ተቀምጠው አጸደቁ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር በርቀት ይሆናል ብሎ የገመተ ጥቂት ነበር።

ሦስተኛው ተቃራኒውን ያሳያል። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የአየር ንብረት ስምምነቱ ተደራዳሪዎች ለሦስት ሳምንታት በበይነ መረብ ተነጋገሩ። ያ ስብሰባ መደበኛ ውሳኔ የማይተላለፍበት ሆኖ ነው የተካሄደው። የሰዓት ልዩነት አንዱን በእኩለ ሌሊት አስቀመጠው፤ የመስመር መቆራረጥ ሌላውን በንግግሩ መካከል ዝም አሰኘው። ለአንድ ትንሽ አገር ልዑክ ትልቁ መሣሪያ በኮሪደር ላይ የኃያሉን አገር ተደራዳሪ ጠብቆ ማነጋገር ነው። ስክሪን ደግሞ ኮሪደር የለውም። እኛም በአዲስ አበባ በ2020 ክረምት ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦብን እንደ ነበር እናስታውሳለን። የበይነ መረብ ስብሰባ ፍትሐዊ የሚሆነው መስመሩ ለሁሉም እኩል ሲደርስ ነው።

ሦስቱን አንድ ላይ ሳያቸው መለያ መስመሩ ይገለጥልኛል። ዕውቀትን ማቅረብና የተረቀቀ ጽሑፍን በታወቀ ደንብ ማጽደቅ በርቀት ሊሠራ ይችላል። እምነት ገና ባልተገነባበት፣ ጥቅምና ጥቅም በሚጋጭበት ድርድር ግን የአካል መገናኘት ዋጋ አለው፤ ከሁሉ ይልቅም ለደካማው ወገን። የአይ ፒ ሲ ሲ ማጽደቅ በስክሪን የተሳካው ሰዎቹ አስቀድመው በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ተገናኝተው መተማመንን ስላስቀመጡ ጭምር ይመስለኛል።

፭. በገዛ ቤታችን

ስለ ዓለም ስናወራ ስለ ራሳችን እንዳንዘነጋ። መሥሪያ ቤታቸው አዲስ አበባ የሆነ ሠላሳ ሰዎች ለሁለት ቀን ዐውደ ጥናት አዳማ ወይም ሐዋሳ ሲወርዱ በዚህ አዳራሽ ያለነው ሁሉ አይተናል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ «ከሥራ ጫና ርቆ ለመምከር» ተብሎ ይጻፋል። ያልተጻፈው ምክንያት የውሎ አበል ነው። ከከተማ ካልወጡ አበል የለም፤ አበል ከሌለ ተሳታፊ ይሳሳል። ይህን የምለው ሠራተኛውን ለመውቀስ አይደለም። ደመወዝ ኑሮን በማይሸፍንበት ጊዜ አበል የደመወዝ ድጎማ ሆኗል። ነገር ግን ድጎማው የሚከፈለው በናፍጣ ነው። አዳማ ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመቶ ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚጠጣ መኪና 24 ሊትር ያቃጥላል፤ ከአንድ ሊትር ናፍጣ ደግሞ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አንድ ኃላፊ ከሾፌሩ ጋር ብቻውን ሲመላለስ ወደ 65 ኪሎ ግራም ለቀቀ ማለት ነው። ከአሥር መኪና ይልቅ አንድ አውቶቡስ ቢሄድ ልዩነቱ ግልጽ ነው። የአበሉ ገንዘብ ወደ ደመወዝ ቢዞርና ስብሰባው በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ቢሆን ደግሞ ጉዞው ራሱ አያስፈልግም።

ስብሰባን በልክ ማድረግ ለእኛ ባዕድ ሐሳብ አይደለም። የቦረና ኦሮሞ ታላቅ ጉባኤ፣ ጉሚ ጋዮ፣ የሚሰበሰበው በየስምንት ዓመቱ ነው። ሕዝቡ ከሩቅ ተጉዞ በአንድ ስፍራ ይገናኛል፤ ሕግ ይመረምራል፤ ያልተፈታ ክርክር ይፈታል። በመካከሉ ያለው ጉዳይ በየደረጃው ባሉ ትናንሽ ሸንጎዎች ይታያል። ታላቁ ጉባኤ ብርቅ በመሆኑ ይከበራል። በአንጻሩ የአየር ንብረት ጉባኤው በ1995 በርሊን ላይ ሲጀመር 4,000 ያህል ሰው ነበረው፤ በ2023 ዱባይ ላይ ከ80,000 በላይ ደረሰ። ከእነዚህ መካከል ቃል ሰጥቶ የሚደራደረው ጥቂቱ ነው።

፮. ምን ይደረግ?

እንግዲህ አንድ ድርጅት፣ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሚኒስቴር ወይም አህጉራዊ ተቋም፣ ከልቡ መቀነስ ከፈለገ በእኔ አስተያየት አራት ነገሮችን ያደርጋል።

አንደኛ፣ ለጉዞ የገንዘብ በጀት እንዳለው ሁሉ የልቀት በጀትም ይመድባል፤ በየዓመቱም ዝቅ ያደርገዋል። ከላይ ካየነው ታሪክ ጸንቶ የሚቆም ቅነሳ የሚመጣው ከእንዲህ ያለ ወሰን ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ቦታ ከመምረጡ በፊት ተሳታፊዎቹ ከየት እንደሚመጡ ያሰላል። ሦስተኛ፣ ገለጻና ሪፖርት የሚቀርብባቸውን ስብሰባዎች ወደ በይነ መረብ ያዛውራል፤ የድርድርና የትውውቅ ስብሰባዎችን በአካል ያስቀራል፤ ግን ያራርቃቸዋል። አራተኛ፣ ቅነሳውን ከላይ ይጀምራል፤ ከትላልቅ ልዑካን፣ ከቢዝነስ ክፍል፣ በዓመት አሥር ጊዜ ከሚበርረው ሰው። ሁለት ተደራዳሪ ብቻ ካላት ድሃ አገርና የመጀመሪያ ጥናቱን ሊያቀርብ ከሚሄድ ወጣት ተመራማሪ አይጀምርም።

ለዚህ ሐሳብ ሁለት ተቃውሞ እጠብቃለሁ። አንዱ «የአፍሪካ ልቀት ከዓለም አንጻር ኢምንት ነው፤ ለምን እንጨነቃለን?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ስለዚህም ሸክሙ ከሌሎች ይጀምር አልኩ። ሌላው ይበልጥ ይከብዳል። የአዲስ አበባ ሆቴሎች፣ አስተርጓሚዎች፣ የታክሲ ሾፌሮችና አየር መንገዱ የሚተዳደሩት ከእንግዳ ነው። ስብሰባ ሲቀንስ የሚጎዳው የእኛ ሰው ነው። ይህን ተቃውሞ አቃልዬ አላልፈውም። ሆኖም በ2020 እንዳየነው፣ ጉባኤ በአንድ ሳምንት ሊጠፋ ይችላል። በእንግዳ ብዛት ብቻ የቆመ ከተማ ደካማ ነው። ጥቂት ግን የግድ የሆኑ ጉባኤዎችን፣ አፍሪካውያን በቀጥታ በረራ የሚደርሱባቸውን፣ ከሩቅ ያለውም በማይቆራረጥ መስመር እኩል የሚናገርባቸውን ማስተናገድ የምትችል ከተማ ግን ተፈላጊነቷ አይቀንስም።

የ2027ቱ ጉባኤ ለዚህ መፈተኛ ይሆናል። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ስንት ሰው መጣ ብለን ብቻ ከቆጠርን የተለመደውን ደገምን ማለት ነው። ስንት ሰው መምጣት ሳያስፈልገው ድምፁ ተሰማ፣ መምጣት የነበረበትስ ስንቱ መቀመጫ አገኘ ብለን ከቆጠርን፣ የስብሰባ ልቀት ሊቀንስ እንደሚችል ከቃል ባለፈ አሳየን ማለት ነው። ይህን ቆጠራ ከአሁኑ ማዘጋጀት የመንግሥት ሥራ ብቻ አይደለም፤ የእኛ የዩኒቨርሲቲ ሰዎችም ሥራ ነው።